የቲቢ ምርመራዬ ፖዘቲቭ ወጣና የቁርጥማቱን መርፌ አቆዩብኝ፤ የደረሰበት ሰው አለ?

ሰላም_ከቨርጂኒያ (እሑድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ፤ ዛሬ ንዴት አስጻፈኝ።

42 ዓመቴ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከያዘኝ 6 ዓመት ሆነኝ (ቤተሰቤ አሁንም «ሪህ» ነው የሚሉት፤ አይደለም ማለቱ ሰልችቶኛል)። ሜቶትሬክሴት በሳምንት 20 ሚሊግራም፣ ፕሬድኒሶን (የኮርቲዞን ክኒን) በቀን 10 ሚሊግራም እወስዳለሁ። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት የጀበናውን እጀታ መጨበጥ ስለማልችል ቡናውን የምትቀዳው ልጄ ናት። ሐኪሜ በመጨረሻ አዳሊሙማብ የሚባለውን መርፌ አዘዘችልኝ። ኢንሹራንሱ 5 ሳምንት አንገላታኝና ፈቀደ። መርፌው በበረዶ ታሽጎ መጣ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከንጥር ቅቤው ጎን አስቀመጥኩት። በነጋታው ስልክ ተደወለ፦ «ኳንቲፌሮኑ፣ የቲቢው የደም ምርመራ፣ ፖዘቲቭ ነው፣ እንዳትጀምሪ።»

እኔ አላስልም፣ ማታ አያልበኝም፣ አልከሳሁም። የደረት ራጅ ተነስቼ ንጹሕ ነው ተብያለሁ። ሕፃን ሆኜ የቲቢውን ክትባት፣ ቢሲጂን፣ ተከትቤአለሁ፣ ጠባሳው ክንዴ ላይ አለ። ሐበሻ ሁሉ በክትባቱ ምክንያት ፖዘቲቭ ይወጣል ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ታዲያ ለሌለ በሽታ ወራት ሙሉ ክኒን ልዋጥ? እውነቱን ንገሩኝ፣ መርፌው እጄ ላይ ነው፤ ብወጋውስ?

የሾላ_ልጅ

እንዳታደርጊው። ሌላውን የሚያውቁ ይንገሩሽ፣ እኔ ግን እንዳታደርጊው ብቻ ልበልሽ።

ሲስተር_ሚኒሶታ

እህቴ፣ መጀመሪያ መርፌው እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። አይበላሽም፣ ቀኑ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ብቻ በረዶ ቤቱ ውስጥ አታስገቢው።

ነርስ ነኝ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በደም ሥር በሚሰጡበት ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪምሽን አልተካም፤ ግን የክትባቱ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና ላስረዳ።

ክትባቱ የሚያሳስተው የቆዳውን ምርመራ ነው፤ ያ ክንድ ላይ ትንሽ ተወግቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠንክሮ ያበጠው በማስመሪያ የሚለካው። አንቺን የመረመሩሽ በደም ነው። በደሙ ምርመራ የሚጠቀሙባቸው ፕሮቲኖች የቲቢው ባክቴሪያ ያሉት፣ የቢሲጂ ክትባቱ ግን የሌሉት ናቸው። ስለዚህ «ተከትቤ ነው» የሚለው እዚህ ላይ አያስኬድም። ደምሽን ሲቀዱ 4 ትንንሽ ቱቦ ነበር አይደል? ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ ክዳን ያላቸው። አረንጓዴውና ቢጫው ውስጥ እነዚያ ፕሮቲኖች አሉ፤ ደምሽ አይቷቸው የሚያውቅ ከሆነ ይነሳባቸዋል። ያንቺ ተነስቷል።

ይህ ማለት ታመሻል ማለት አይደለም። የተኛ ቲቢ ነው። ለማንም አታስተላልፊም፣ ከልጅሽ ጋር ከአንድ ማዕድ ብይ። ሰውነታችን ባክቴሪያውን መግደል ሲያቅተው ዙሪያውን ካብ ይክብበታል። ካቡን አያይዞ የሚያቆመው ጭቃ ደግሞ ቲኤንኤፍ የሚባለው ነገር ነው። አዳሊሙማብ የሚያጠፋው ይህንኑ ቲኤንኤፍ ነው፤ መገጣጠሚያሽን የሚያነድደውም እሱ ስለሆነ። ጭቃው ሲሄድ ካቡ ይናዳል።

መጀመሪያ ላይ ይህን ማንም ልብ አላለውም ነበር። ኢንፍሊክሲማብ፣ እሱም እንደ አዳሊሙማብ ቲኤንኤፍን የሚያጠፋ መድኃኒት ነው፣ በወጣ በ3 ዓመቱ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ መድኃኒቱን የወሰዱ 70 ሰዎች ቲቢ እንደያዛቸው ታተመ። ግማሾቹ በ12 ሳምንት ውስጥ ነው የታመሙት። ከ70ዎቹ ደግሞ 40ዎቹ ላይ በሽታው ከሳንባ ውጭ ነበር፦ እጢ፣ ሆድ፣ የአንጎል ሽፋን። ሳይመረመሩ መጀመር የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የምትጠብቂው ጊዜ የፈራሽውን ያህል አይደለም። የተኛውን ቲቢ ማከም ጀምረሽ ቢያንስ 1 ወር ከሆነሽ በኋላ አብዛኞቹ ሐኪሞች መርፌውን ያስጀምራሉ፤ ክኒኑን ከመርፌው ጋር ጎን ለጎን ትጨርሺዋለሽ። 

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ልጅ ሆነሽ ቤታችሁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲያስል የኖረ ሰው አልነበረም?

ኢንጂነር_ዮ

ኧረ እነዚህ ሰዎች ያበዙታል። አዲስ አበባ ያለች አክስቴ መርፌው በሻንጣ እየተላከላት ከጀመረች ዓመት ሊሆናት ነው። ራጅ የለ፣ ደም የለ፣ ምንም የለ። እንዲያውም ድሮ በከዘራ ነበር የምትሄደው፣ አሁን ደረጃ ትወጣለች። ምርመራው የኢንሹራንስ ገንዘብ መብያ ነው።

ወገቤን_ከጀርመን

ወንድሜ ዮ፣ አክስትህን እግዜር ይጠብቃት። የኔን ልንገርህና ፍረድ።

በሽታዬ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ነው፣ አከርካሪ የሚያደርቀው። በዚሁ በሽታ ምክንያት ዓይኔ ውስጡ ተቆጥቶ በቀን 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ስወስድ ነው የቲቢውን ደም የቀዱኝ። መልሱ ኔጌቲቭ አልነበረም፤ ፖዘቲቭም አልነበረም። «መወሰን አልተቻለም» ይላል። ሲስተር ከላይ የጠቀሰችው ሐምራዊ ቱቦ ማንኛውም ደም ሊነሳበት የሚገባው ነው፤ የኔ ደም ግን በፕሬድኒሶሎኑ ደንዝዞ ለእሱም አልተነሳም። እንዲህ ያለ ውጤት ምንም አላየንም ማለት ነው እንጂ ነፃ ነህ ማለት አይደለም። የክሊኒኩ ስም ይቅርና፣ ወረቀቱን ያየው ሰው «ፖዘቲቭ አይደለም» ብሎ አሳለፈው። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የት ተወለድክ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። የተወለድኩት ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች በአንዱ ውስጥ መሆኑ ወረቀቱ ላይ የለም።

ኢንፍሊክሲማብ ጀመርኩ። ወገቤ በ2ኛው ዙር ተፈታ፣ ጫማዬን ጎንበስ ብዬ አሰርኩ። ከ3ኛው በኋላ ግን ማታ ማታ አንሶላው እስኪጨመቅ ያልበኝ ጀመር። ከአንገቴ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል እጢ ወጣች፤ በሳምንቱ እንቁላል አከለች። ከእጢዋ ናሙና ወስደው ቲቢ መሆኑን አረጋገጡ፣ ሆዴም ውስጥ ነበር። ሳል? አንድም ቀን አላሳለኝም።

መድኃኒቱ ቆመ፣ 4 ዓይነት ክኒን ለ2 ወር፣ 2 ዓይነት ለ4 ወር ዋጥኩ። ጉድ የሚባለው ደግሞ ሕክምናውን ከጀመርኩ በኋላ እጢው ይባስ ማበጡ ነው። ኢንፍሊክሲማቡ ሲቆም አቅሙ የተመለሰለት ሰውነቴ ባክቴሪያውን በንዴት ሲያጠቃ ነው አሉኝ። ወገቤም በዚያው ተመልሶ ደረቀ። 1 ወር መጠበቅ ሲበቃኝ ዓመት ነው የሄደብኝ። ዛሬ በሌላ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት፣ ሴኩኪኑማብ፣ እየወሰድኩ ደህና ነኝ።

ሰላም፣ አንቺ 10 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን እየወሰድሽም ደምሽ ተነስቶ ነግሮሻል። እድለኛ ነሽ እላለሁ፤ ተሳድቤ አይደለም።

ሰላም_ከቨርጂኒያ (ረቡዕ)

ሲስተር፣ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ።

ክሊኒክ የሞላሁት ቅጽ ላይ «ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ኖረው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። ሳላስብ «አላውቅም» በሚለው ሳይሆን «አይ» በሚለው ላይ ነው ምልክት ያደረግኩት። ዛሬ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ እማዬ ትልቋን ምን ነበር የገደላት?» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሳንባዋን ነበራ» አለችኝ። ጎን ያለ ሰው እንዳይሰማ! አያቴ ከሞተች 34 ዓመቷ ነው፣ እናቴ አሁንም ታንሾካሹካለች።

እኔ ከአያቴ ጋር አንድ መደብ ላይ ነበር የምተኛው። ሌሊት ሲያስላት ጋቢዋን አፏ ላይ ስትጭን ትዝ ይለኛል፤ እንዳልነቃ ነበር የሚመስለኝ። መርፌ ለመውሰድ ጤና ጣቢያ ትመላለስ ነበርና አቋርጣው ነው አለች እናቴ። እኛ ልጆቹን ግን ማንም አልመረመረንም።

የሾላ_ልጅ

እኛ ቤትም «ብርድ መቷት» ነበር የተባለው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ቋንቋችን ራሱ አንዱ ችግር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ፣ ነቀርሳ ስንል ደግሞ ካንሰር። አጎቴን ላስተረጉምለት ሆስፒታል ሄጄ «ቤተሰብ ውስጥ ነቀርሳ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ካንሰር መስሎት «በፍጹም» አለ። በኋላ «ቲቢስ?» ስለው «እሱማ አባቴ» ብሎኝ እርፍ! የምታስተረጉሙ ሰዎች «ቲቢ» በሉ፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ሲስተር_ሚኒሶታ

ሰላም፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ያንን ለሐኪምሽ ንገሪያት፤ ከደሙ ውጤት ያልተናነሰ መረጃ ነው።

የትኛውን ክኒን እንደምትሰጥሽ ስትወያዩ እነዚህን አንሺ። አይሶናያዚድ ብቻውን ከሆነ ከ6 እስከ 9 ወር በየቀኑ ነው፣ ነርቭ እንዳይጎዳ ከቫይታሚን ቢ6 ጋር። ጉበት ላይ ይከብዳል፣ አንቺ ደግሞ ሜቶትሬክሴት ላይ ነሽ፣ እሱም ጉበት ላይ ይከብዳል። ሪፋምፒን ብቻውን 4 ወር ነው፣ ጉበት ላይ ይቀላል፤ ግን ሌሎች መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ ጠርጎ የማስወጣት ጠባይ አለው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን አይሠራልሽም። ፕሬድኒሶንሽም አቅሙ ስለሚቀንስ እጅሽ ሊብስበት ይችላል፣ ሲብስብሽ እንዳትደናገጪ። ሦስተኛው አይሶናያዚድና ሪፋፔንቲን በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት ነው፤ በአንድ ቀን 9 ፍሬ ያህል ከምግብ ጋር ይዋጣል። በጾም ሰዓትም ቢሆን፣ ሽሮም ምግብ ነው። የትኛውንም ብትወስጂ ጠላውም አረቄውም ይቅር።

እትዬ_ሐይፋ

ልጆቼ፣ እኔ በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገቡት ነኝ፣ 61 ዓመቴ ነው። ሁላችሁም ቲቢ ቲቢ ትላላችሁ። የኔው ጉበት ነው።

እኔም እንደ ሰላም የእጅ በሽታ አለብኝ። ብዙ ሞክረው ስላልሆነ ሪቱክሲማብ በደም ሥር እንስጥሽ አሉኝ። ቁፓት ሆሊም (የእዚህ አገር የጤና መድን ክሊኒክ) ደም ቀዱኝና ሐኪሙ ጠራኝ፦ «የጉበት ቫይረስ ይዞሽ ያውቃል?» እኔ የጉበት ቫይረስ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የለም አልኩ። አብራኝ የሄደችው ልጄ ብልኅ ናት፤ «እማ፣ የወፍ በሽታ ይዞሽ ያውቃል?» አለችኝ። እንዴ! ጎንደር ሳለሁ በ12 ዓመቴ ዓይኔም ገላዬም ቢጫ ሆኖ፣ ባሕል ሐኪም ቅጠል ጨምቆ አጠጥቶኝ አልነበረም እንዴ የዳንኩት!

ለካ ሄፓታይተስ ቢ ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። የሚመረመረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ቫይረሱ አሁን ደም ውስጥ አለ ወይ የሚለው ለብቻ፣ ድሮ ገብቶ ያውቃል ወይ የሚለው ለብቻ። የኔ የመጀመሪያው የለም፣ ሁለተኛው አለ። ዳንሽ ማለት ቫይረሱ ጉበትሽ ውስጥ ተኛ ማለት ነው አለኝ፤ ሪቱክሲማብ ደግሞ ጠባቂዎቹን ያነሳቸዋል። አሁን ኤንቴካቪር፣ የቫይረሱን መድኃኒት፣ በቀን 1 ፍሬ በባዶ ሆዴ እውጣለሁ። ሪቱክሲማቡን ካቆምኩም በኋላ ቢያንስ 1 ዓመት እቀጥላለሁ።

ሌላም አለ። ልጅ ሆኜ በባዶ እግሬ ነው ያደግኩት። ከአፈር በእግር ቆዳ የሚገባ ትል አለ፣ ስትሮንጊሎይድስ ይሉታል፤ አንጀት ውስጥ እየተራባ 30 ዓመትም 40 ዓመትም ይኖራል። ያን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን ሲያሳክከኝ የምኖረው በእሱ ነበር! ብዙ ኮርቲዞን ሲወሰድ ትሉ ከአንጀት ወጥቶ በሰውነት ሁሉ ይሠራጫል፣ ይገድላል አሉኝ። አይቨርሜክቲን ሰጡኝና ማሳከኩም ተወኝ።

ኢንጂነር_ዮ

እትዬ፣ ኮሶ ቢጠጡለትስ አይወጣም ነበር?

እትዬ_ሐይፋ

ኮሶ ለኮሶ ነው ልጄ። ይሄ በዓይን የማይታይ ነው። በዚያ ላይ የጠጣሁት ኮሶ ቢቆጠር ወንዝ ይሞላል።

ሲስተር_ሚኒሶታ

እትዬ ያሉትን በወርቅ ጻፉት። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ እዚህ የምንጽፈው ትልልቆቹ አልተከተብንም ብለን እንነሳ። ሄፓታይተስ ሲ እና ኤችአይቪም አብረው ይታያሉ፤ ኤችአይቪ ሲባል የምትቆጡ አላችሁ፣ ለሁሉም የሚታዘዝ ነው፣ ማንም አልጠረጠራችሁም። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነም ተናገሩ፣ ሕይወት የሌለው ክትባት አለው። በተለይ እንደ ቶፋሲቲኒብ ያሉ የቁርጥማት ክኒኖችን ልትጀምሩ ከሆነ።

ጅዳ_ነኝ

ሲስተር ይቅርታ፣ እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እንደ ሰላም ዓይነት ቁርጥማት አለብኝና ምርመራውን ታዘዝኩ። ቲቢ ቢሉኝ ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ይሰረዛል ብዬ ፈርቼ አልሄድኩም።

ሲስተር_ሚኒሶታ

የኔ እህት፣ ፍርሃትሽ ገብቶኛል። እኔ እስከማውቀው ለኢቃማ የሚያዩት በደረት ራጅ የሚታየውን ቲቢ ነው። የተኛ ቲቢ በራጅ ላይ በሽታ ሆኖ አይታይም፣ አይተላለፍምም። ሳይመረመሩ መርፌውን ጀምሮ ተኝቶ የነበረው ቢነሳ ግን ያን ጊዜ በራጁም ሊታይ ይችላል፣ ሥራሽም ጤናሽም አብረው ይሄዳሉ። ለሐኪሙ ፍርሃትሽን ሳትደብቂ ንገሪው፣ ሂጂ።

የለንደን_እርጉዝ

ርዕሱን ልቀይርባችሁ ነው። ኢንፍሊክሲማብ በየ8 ሳምንቱ እወስዳለሁ፣ የ7 ወር እርጉዝ ነኝ። ከወለድኩ በኋላ ሕፃኑን ይዤ እናቴ ጋ አዲስ አበባ ሄጄ ልታረስ አስቤአለሁ። ችግር አለው?

ሲስተር_ሚኒሶታ

ጥሩ አነሳሽው፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ ይገባል፤ ከተወለደ በኋላም ለወራት ደሙ ውስጥ ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሕፃን ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚወጋው ቢሲጂ ነው፤ ቢሲጂ ሕይወት ያለው ክትባት ነው። እናቱ ኢንፍሊክሲማብ ስትወስድ የነበረች አንድ ሕፃን ቢሲጂ ተከትቦ በዚያው በክትባቱ ባክቴሪያ መሞቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እዚያ እንግሊዝ ለኢንፍሊክሲማብ እስከ 12 ወር ቆዩ ይላሉ። በአፍ የሚሰጠውንም የሮታ ጠብታ ጠይቂ። ሕይወት የሌላቸው፣ እንደ ፔንታው ያሉት፣ በቀናቸው ይሰጡ። ከመሄድሽ በፊት የክትባት ካርዱ ላይ በትልቁ አስጽፊ፤ እናትሽ በፍቅር ተሸክማው ሄዳ እንዳታስወጋው።

የለንደን_እርጉዝ

እናቴን አላወቅሻትም፣ በ3ኛው ቀን ነበር ይዛው የምትሄደው። አሁኑኑ እደውልላታለሁ።

ሰላም_ከቨርጂኒያ (ከ6 ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ሪፋምፒን 4 ወር ተሰጠኝ፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ። ሽንቴ እንደ ፋንታ ብርቱካናማ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን አልቅሼ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ብጠርግ ነጠላዬም ብርቱካናማ ሆነ! እንዳትስቁብኝ፣ የባሕር ዳር ጥለት ያለው አዲሱ ነጠላዬ ነው።

በ2ኛው ሳምንት ሲስተር እንዳለችው ፕሬድኒሶኑ አቅም አጣ፤ ጠርሙስ መክፈት ተስኖኝ ሐኪሜ መጠኑን ከፍ አደረገችው። ጉበቴ በየወሩ ይታያል፣ እስካሁን ደህና ነው። ሄፓታይተሱም ኔጌቲቭ ሆነልኝ፣ ክትባቱን ጀመርኩ። ቅጹንም ተቀብዬ «አይ» የሚለውን ሰርዤ «አዎ፣ አያቴ» ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት የመጀመሪያውን መርፌ ከፍሪጅ አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ 30 ደቂቃ ቆይቶ ቅዝቃዜው ሲለቀው ሆዴ ላይ ወጋሁት፤ ልጄ ቆጠረችልኝ። ጀበናውን ገና አልሞከርኩም።

ኢንጂነር_ዮ

እንኳን ደስ ያለሽ። ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አክስቴ መርፌውን ከጀመረች ቆይታለች። አሁን መመርመር ዋጋ አለው?

ሲስተር_ሚኒሶታ

አለው ወንድሜ። የደረት ራጅ፣ የቲቢ ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ቢ ሁለቱም፣ ኤችአይቪ። መድኃኒቱ የቲቢውን ውጤት ሊያደበዝዘው ስለሚችል ኔጌቲቭ ቢልም የቤተሰብ ታሪኳን ለሐኪሙ ይንገሩት። ራሷ በፍርሃት መርፌውን እንዳታቋርጥ፣ የሚያያት ሐኪም ይወስን። ትኩሳት፣ ላብ፣ መክሳት ወይም እጢ ካለ ግን ዛሬውኑ ትሂድ።

ኢንጂነር_ዮ

ሰኞ ታናሽ ወንድሜ ይወስዳታል። ማታ ደውዬ «አክስቴ፣ የወፍ በሽታ ይዞሽ ያውቃል?» ብላት በሳቅ ፈረሰች፤ «አንተ ልጅ፣ ማን ያልያዘው አለ?»